ፎቶግራፍን አይቶ ስለ ማመስገንና አስተውሎ ስለ መናገር

የሰውን ሥራ አይቶ መልካም ቃል መናገር ያገራችን የቆየ ልማድ ነው። በእርሻው ላይ ያለውን ገበሬ የሚያልፍ መንገደኛ «ያበርታ» ይለዋል፤ ወልዳ የተነሣችይቱን እናት ጎረቤት ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላታል። እነዚህ ቃሎች አጫጭር ቢሆኑም ሰው ቆሞ፣ ፊት ለፊት አይቶ፣ ከአፉ አውጥቶ የሚናገራቸው ስለ ሆኑ ክብደት አላቸው። ዛሬ ግን በየሰዉ እጅ የገባው ስልክ ቃል የሌለበትን ሌላ ዓይነት ምስጋና አምጥቶልናል። ይኸውም አንድ ሰው ያነሣው ፎቶግራፍ በስልኩ መስተዋት ላይ በታየ ጊዜ ተመልካቹ ከሥዕሉ ግርጌ ያለችውን ያውራ ጣት ወይም የልብ ምልክት ነካ አድርጎ ማለፉ ነው። ወጣቶች ይህን «ላይክ ማድረግ» ይሉታል። እኛም ይህ ልማድ በቤተ ሰብና በሥራ ላይ ምን እንደሚያተርፍና ምን እንደሚያጎድል በዚህ ገጽ ልንነጋገርበት አሰብን።

ምልክቲቱ ዕድሜዋ ብዙ አይደለም። ፌስቡክ የሚባለው ድርጅት ያውራ ጣትን ምልክት ለሕዝብ ያወጣው በየካቲት ወር 2001 ዓ.ም. ነው። ለፎቶግራፍ ብቻ ተብሎ የተሠራው ኢንስታግራምም በ2003 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የልብን ምልክት ይዞ ተነሣ። ከዚያ ወዲህ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው ሁሉ የሥራውን ዋጋ በምልክቱ ቍጥር መመዘን ለመደ። ነገር ግን ቍጥሩ የሰውን ልብ ማስጨነቁ ስለ ታወቀ፣ ኢንስታግራም ራሱ በ2011 ዓ.ም. በአንዳንድ አገሮች ቍጥሩን ከሕዝብ ዓይን ሰውሮ ሞከረ፤ በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ደግሞ የወደደ ሁሉ ቍጥሩን መሰወር እንዲችል ፈቃዱን ለየሰዉ ሰጠ። ሚዛኑን የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ሚዛኑን ከተጠራጠሩት፣ እኛ ተጠቃሚዎቹ ቆም ብለን ብንመረምረው ነውር አይሆንብንም።

ነገሩ ለኛ ላገሩ ሰዎች ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በልጅነታችን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሳለን የቅኔ ተማሪዎች ቅኔያቸውን ቆጥረው ካደሩ በኋላ ከመምህሩ ፊት ቀርበው ሲነግሩ እንሰማ ነበር። ቅኔው ያማረ እንደ ሆነ ሰሚው ሁሉ «ይበል!» ይላል። ይህች «ይበል» የምትባለው ቃል ያውራ ጣቲቱ ምልክት ታላቅ እኅት ናት ብንል አንሳሳትም፤ ተማሪውን ታበረታዋለች፤ የሌሊት ድካሙን ታስረሳዋለች። መምህሩ ግን «ይበል» ብሎ ብቻ ተማሪውን አያሰናብተውም። ግሱ ከባለቤቱ ጋር መስማማቱን፣ ቤቱ መምታቱን፣ ሰሙ ወርቁን መሸከሙን ይመረምራል፤ የዘመመውን ያቃናል፤ ያማረውም ለምን እንዳማረ ይነግረዋል። በመጻሕፍት ትርጓሜ ቤትም መምህሩ አንዱን ቃል ይዞ «አንድም» እያለ ሌላ ምሥጢር፣ ከዚያም ሌላ ምሥጢር ያወጣለታል እንጂ «መልካም ቃል ነው» ብሎ አያልፈውም። ቆይቶም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን መምህራችን ቀይ ምልክት ብቻ አድርጎ የመለሰልንን ጽሕፈት ሁሉ ረስተነዋል፤ በዳር በኩል «ይህን ከየት አገኘኸው? ለምን እንዲህ አልህ?» ብሎ የጻፈበትን ግን እስከ ዛሬ እናስታውሰዋለን።

ስለዚህ የምንለው ነገር አጭር ነው። «ይበል» መልካም ነው፤ ከ«ይበል» በኋላ ግን «አንድም» ካልተከተለ ሥራውም ሠሪውም አያድጉም።

እኛ የፍርድ ቤት ጽሕፈት የምንሠራ ሰዎች ይህን ጉዳይ ከሥራችንም እናውቀዋለን። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በ182ኛው ቍጥር፣ ፍርድ የተያዘውን ጭብጥ፣ የተሰጠውን ውሳኔና ውሳኔው የተሰጠበትን ምክንያት መያዝ እንዳለበት ያዛል። ምክንያት የሌለው ፍርድ ለረታውም ለተረታውም አይበጅም፤ የረታው በምን እንደ ረታ አያውቅም፤ የተረታውም በምን ይግባኝ እንደሚል አያገኝም። ያውራ ጣት ምልክት እንግዲህ ምክንያት ያልተጻፈበት ፍርድ ናት። ነኪዋ ምን ለማለት እንደ ነካት አይታወቅም። አንዱ «አየሁት» ሲል ይነካታል፤ ሌላው «ዘመዴ ነህና አልለይህም» ሲል፤ ሌላው «ባለፈው የኔን ነክተህልኛልና ብድርህን መለስሁ» ሲል፤ ሌላውም ሥዕሉ በእውነት ልቡን ስለ ነካው ይነካታል። አራቱም በቍጥሩ ውስጥ እኩል ይደመራሉ። ፎቶግራፍ አንሺውም መቶውን ቍጥር አይቶ መቶ ሰዎች በጥበቡ የተደነቁለት ይመስለዋል።

አሁን ደግሞ ወደምናውቀው አገር እንምጣ። ሸኮ ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ፣ ዝናም የማይነፍገው፣ ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የሚበቅልበት፣ ኮረሪማውና ማሩ የታወቀ አገር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚህ አገር ፎቶግራፍ ማለት ለመታወቂያ ወረቀት ወይም ለሠርግ ወደ ከተማ ወርዶ የሚነሡት ነገር ነበር። ዛሬ ቡና ለቃሚው ወጣትና ተማሪይቱ ልጃገረድ ሳይቀሩ በእጃቸው ባለው ስልክ ያገራቸውን መልክ እያነሡ፣ በቴሌግራምና በፌስቡክ አዲስ አበባና ውጭ አገር ላሉ ዘመዶቻቸው ይልካሉ። ይህ ታላቅ ነገር ነው፤ ራቅ ካለ ስፍራ የመጣ እንግዳ ብቻ ያነሣው የነበረውን አገር አሁን ልጆቹ ራሳቸው ያነሡታል። ስለዚህ ለሥዕሎቻቸው የምንሰጠው መልስ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ይህንም ባየናቸው ሦስት ነገሮች እናስረዳለን።

የመጀመሪያው የላም ሥዕል ነው። አንድ ወጣት ከማለዳው ጉም ውስጥ የቆመች ቀይ ላም አንሥቶ አወጣ። ምልክቱ በረከተለት፤ «ዋው»፣ «ቆንጆ» የሚሉም አልጠፉ። ከብዙ ቀን በኋላ ግን በእንስሳት ሕክምና ያገለገሉ አንድ ሽማግሌ እንዲህ ብለው ጻፉለት። «ልጄ፣ ጀርባዋን ልብ ብለህ አይተኸዋልን? ሻኛ የላትም። እናቷስ እንዲሁ ነበረችን? በመንደራችሁ እንዲህ ያሉ ስንት ቀርተዋል?» ወጣቱ ያነሣው የሸኮ ዝርያ የሚባለውን ከብት ነበር። ይህ ዝርያ ሻኛ የሌለው ወይም እጅግ ትንሽ የሆነ፣ በምሥራቅ አፍሪካ ከቀሩት ሻኛ አልባ አጭር ቀንድ ከብቶች የመጨረሻው እንደ ሆነ ሊቃውንቱ የሚናገሩለት ነው። ቆላ ዝንብ የሚያስተላልፈውን የገንዲን በሽታ በመቻሉም የታወቀ ነው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2006 በታተመ ጥናት በግቤ ሸለቆ ከሆሮ፣ ከአቢጋርና ከጉራጌ ከብቶች ጋር ሲመዛዘን፣ በሽታው በደሙ ውስጥ ከሁሉ ያነሰ የተገኘበት የሸኮው ነበር። ነገር ግን ሻኛ ካላቸው ከብቶች ጋር እየተዳቀለ ንጹሑ ዝርያ እየጠፋ ነው። ወጣቱ ይህን ከሰማ በኋላ ከመንደር ወደ መንደር እየዞረ፣ የባለቤቱን ፈቃድ እየጠየቀ፣ ከብቶቹን ከጎን በኩል ያነሣ ጀመር፤ የእናቲቱን መልክና የመንደሩን ስም ጭምር ከሥዕሉ ሥር ይጽፋል። መቶዎቹ ምልክቶች ያላሳዩትን አንድ ጥያቄ አሳየው።

ሁለተኛው የቡና ሥዕል ነው። አንዲት ልጃገረድ ካባቷ ማሳ አረንጓዴ ፍሬ የተንዠረገገበትን የቡና ቅርንጫፍ ከቅርብ አንሥታ ላከች። ከዝናም በኋላ ስለ ነበረ ጠብታው እንደ ዕንቍ ያበራል። ዘመዶቿ ሁሉ ልብ ላኩላት። አንድ የግብርና ሠራተኛ ግን ሥዕሉን በጣቶቹ አስፍቶ ተመልክቶ፣ «ጠብታው ያምራል፤ ነገር ግን በሦስቱ ፍሬዎች ላይ ያለው ወደ ውስጥ የጐደጐደ ጥቁር ነጥብ የቡና ፍሬ በሽታ እንዳይሆን ያሠጋኛልና ለአባትሽ ንገሪያቸው» ብሎ ጻፈ። ይህ በሽታ ከሻጋታ ወገን የሆነ፣ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1971 የታወቀ፣ ከፍ ባለና ዝናማም በሆነ ስፍራ የሚበረታ፣ ገና ያልበሰለውን ፍሬ የሚያጠቁር ነው። በጅማ የምርምር ጣቢያ በሽታውን የሚችሉ የቡና ዝርያዎች ተመርጠው ለገበሬ የተሰጡትም በዚሁ ምክንያት ነው። አባትየው ወደ ማሳው ወርዶ አየ፤ የታመመውን ለቅሞ አስወገደ፤ ባለሙያም አስጠራ። ያ የግብርና ሠራተኛ እንደ ሌሎቹ ልቡን ልኮ ቢያልፍ ኖሮ ሥዕሉ ተመስግኖ ማሳው በታመመ ነበር።

ሦስተኛውን ስንናገር በሥራ ላይ ያላችሁ ክቡራን አንባቢዎቻችን በትዕግሥት እንድትሰሙን እንለምናለን። አንድ ባለ ሥልጣን በክረምት ችግኝ ሲተክሉ የተነሡት ፎቶግራፍ ወጣ። ከሥራቸው ያሉት ሁሉ ቀድመው ለመታየት እየተሽቀዳደሙ ምልክቱን ነኩ። ሥዕሉን አተኵሮ ያየ ሰው ግን ችግኙ ከነላስቲኩ ወደ ጕድጓዱ እንደ ገባ ይታየው ነበር። ላስቲኩ ያልወጣለት ችግኝ ሥሩ ታፍኖ ይቀጭጫል፤ ይህን በችግኝ ጣቢያ የሚውል ሠራተኛ ሁሉ ያውቀዋል። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል አንዲት የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ ብቻ በአክብሮት፣ «ክቡር ሆይ፣ መልካም አርአያ ሰጥተውናል፤ ችግኙ ግን ከነላስቲኩ የገባ ይመስላልና ሥሩ እንዳይታፈን ዛሬውኑ ቢወጣለት» ስትል ጻፈች። ሹሙም አስተዋይ ሰው ነበሩና ላስቲኩ እንዲወጣ አዘዙ፤ ሴቲቱንም በስሟ ጠርተው በሰው ፊት አመሰገኗት። «መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ» የሚለው ተረት እንዲህ ላለው ጊዜ የተነገረ ነው። የበታች ለበላዩ የሚነካት ምልክት አብዛኛውን ጊዜ ውዳሴ ከንቱ ናት፤ አለቃውም በውዳሴ ከንቱ ሲከበብ ሥሩ የታፈነ ችግኝ ይሆናል።

ከነዚህ ሦስት ነገሮች የምንማረው፣ ፎቶግራፍ ያለ ቃል ዲዳ ምስክር መሆኑን ነው። ምስክር ቀርቦ ካልተጠየቀ ቃሉን አይሰጥም። ይህም በታሪካችን የታየ ነው። መቅደላ በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. ከወደቀች በኋላ እንግሊዞች የዐፄ ቴዎድሮስን ልጅ ልዑል ዓለማየሁን ይዘው ሄዱ፤ እናቱ እቴጌ ጥሩ ወርቅም በጉዞው መንገድ ላይ ሞተችበት። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባል ስመ ጥር ፎቶግራፍ አንሺ የ7 ዓመቱን ልጅ ያገሩን ልብስ እንደ ለበሰ አነሣችው። ሥዕሉን አይቶ «እንዴት ያማረ ልጅ ነው» ብሎ ማለፍ ይቻላል። ዓይኑን ትክ ብሎ ያየና «ይህ ልጅ ማን ነው? ለምንስ እንዲህ ያዝናል?» ብሎ የጠየቀ ሰው ግን አባቱንና እናቱን በጥቂት ወራት ውስጥ ያጣውን፣ በ1872 ዓ.ም. ገና በ18 ዓመቱ በባዕድ አገር ሞቶ በዊንድዘር የተቀበረውን የንጉሥ ልጅ ታሪክ ያገኛል። ሥዕሉ አንድ ነው፤ ልዩነቱ በተመልካቹ ዘንድ ነው።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። በፎቶግራፍ ቤት የተነሡትን ሥዕል ለወዳጅ ሲሰጡ ባዶውን አይሰጡትም ነበር፤ ከጀርባው «ይህን ፎቶግራፍ ለማይረሳው ፍቅርህ መታሰቢያ ሰጥቼሃለሁ» ብለው፣ ቀኑንና አገሩን ጽፈው፣ ፈርመው ነበር የሚሰጡት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2018 የታተመው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለው መጽሐፍ ከየቤተ ሰቡ የተሰበሰቡትን የቀድሞ ፎቶግራፎች ከባለቤቶቻቸው ትዝታ ጋር ባቀረበ ጊዜ፣ ብዙ ሰው በደስታ የተቀበለው ከሥዕሉ ጋር ነገሩ ስላለ ይመስለናል። ዛሬ በስልካችን ውስጥ ካሉት በሺህ የሚቈጠሩ ሥዕሎች መካከል ልጆቻችን ከ50 ዓመት በኋላ ማን እንደ ሆነና የት እንደ ነበረ የሚያውቁት ስንቱን ይሆን?

ቍጥር ብቻውን የሚያመጣው ሌላም ጕዳት አለ። ፎቶግራፍ አንሺ ምልክት ወደ በዛበት ይሳባል። የፀሓይ መጥለቂያ ብዙ ምልክት ካገኘ ነገም የፀሓይ መጥለቂያ ያነሣል፤ ፊቱን በቀለም ያጌጠ ሰው ብዙ ምልክት ካመጣ ሌላውንም እንዲያጌጥ ይለምነዋል። የጎደሬው ጓሮ፣ ዛፍ ላይ የተሰቀለው ቀፎ፣ አያቲቱ ቡና የምትወቅጥበት ሙቀጫ ግን ምልክት ስለማያመጡ ሳይነሡ ይቀራሉ። እንዲህ ሲሆን አገሩን የሚያየው የልጁ ዓይን መሆኑ ይቀርና የብዙኃኑ አውራ ጣት ይሆናል። በፎቶግራፍ ሥር ስሙ ያልተጻፈውና ፈቃዱ ያልተጠየቀው ሰውም ሺህ ጊዜ ቢመሰገን ክብሩ አልተጠበቀለትም። አንድ ተመልካች «የኚህ እናት ስማቸው ማን ነው? ሥዕሉን አይተውታልን?» ብሎ ቢጠይቅ ከሺሁ ምስጋና ይልቅ እርሱ ያከብራቸዋል።

ይሁንና ምልክቲቱን ፈጽመን ልንነቅፋት አንወድም። ፊደል ያልቈጠሩ አያት የልጅ ልጃቸውን ሥዕል አይተው ልብ ቢነኩ፣ ያች ልብ ምርቃት ናት። በሸኮ ገጠር የስልኩ መስመር በሚደክምበትና የባትሪው ኃይል በሚያልቅበት ጊዜም አጭር ምልክት «ደኅና ነኝ፤ አይቼሃለሁ» የምትል የደኅንነት መልእክት ናት። ደግሞስ ሰው ባየው ሥዕል ሁሉ ላይ ይጻፍ ቢባል ሥራውን መቼ ይሠራል? ስለዚህ የምንመክረው ከአሥሩ ላንዱ እንኳ ቆም ማለትን ነው። መጻፍ የማይሆንለትም ድምፁን ቀድቶ ይላክ፤ በቴሌግራም ይህ ቀላል ነውና።

ቃል ስንሰጥ ግን ሥርዓት ያስፈልጋል። አስተውሎ መናገር ማለት ማቃለልና መዝለፍ አይደለም። እኛ የምንከተለው ሥርዓት እንደሚከተለው ነው።

አስቀድመን ዓይናችን በመጀመሪያ ያረፈበትን ነገር ለይተን እንናገራለን። «ያምራል» ከማለት «በእጃቸው ላይ ያለው የቡና ቀለም ዓይኔን ያዘው» ማለት ይበልጣል፤ እንዲህ የተባለ ሰው መታየቱን ያውቃልና።

ቀጥለን እንጠይቃለን። የት ነው? በስንት ሰዓት ነው? ከዚህ ከሥዕሉ ዳር ውጭ ምን ነበረ? ጥያቄ ሠሪውን አያዋርደውም፤ ይልቁንም ያስበዋል።

ሦስተኛም የጎደለ ነገር ያየን እንደ ሆነ ከነመድኃኒቱ እንናገራለን። ለምሳሌ በቡና ጥላ ሥር በቀትር የተነሣ ሰው በቅጠሉ መካከል የሚያልፈው ፀሓይ ፊቱን ያዥጐረጕረዋል፤ «ፊቱ ተበላሽቷል» ከማለት «ጥቂት ገባ ብለህ ጥላው እኩል በሆነበት፣ ወይም ማለዳ፣ ወይም ደመና በሆነ ጊዜ ብታነሣው» ማለት ይጠቅማል። ከጀርባው ብሩህ ሰማይ ያለበት ሰው ፊቱ የሚጨልመው ስልኩ ብርሃኑን ከሰማዩ ስለሚለካ ነው፤ ከማንሣቱ በፊት በመስተዋቱ ላይ ፊቱን በጣት ቢነኩት ስልኩ ብርሃኑን ከፊቱ ይለካል። ሕፃን ሲነሣም አንሺው በርከክ ብሎ ስልኩን ከሕፃኑ ዓይን ጋር ቢያስተካክለው ሕፃኑ ከላይ የታየ ትንሽ ፍጥረት መሆኑ ይቀርና ሰው ሆኖ ይታያል።

አራተኛም የሚያሳፍር ነገር ቢኖር በሕዝብ ፊት አንናገረውም፤ ለብቻው እንልክለታለን። ምስጋና በአደባባይ፣ ተግሣጽ በጓዳ መሆኑን ታላላቆቻችን አስተምረውናል።

ይህ ሥርዓት በሊቃውንቱም ዘንድ የሚሠራበት ነው። አይዳ ሙሉነህ የተባለችው ኢትዮጵያዊት ፎቶግራፍ አንሺ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 በአዲስ አበባ ያቋቋመችው «አዲስ ፎቶ ፌስት» ሥዕሎችን በግድግዳ ላይ ከማሳየት በላይ፣ ወጣት ፎቶግራፍ አንሺዎች ሥራቸውን ይዘው ከአዋቂዎች ጋር ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ተቀምጠው የሚነጋገሩበትን ጊዜ አዘጋጅቷል። ይህ ነገር የቅኔ ቤቱን ጉባኤ ያስታውሰናል፤ ወጣቱ ያቀርባል፣ ዐዋቂው ያያል፣ ይጠይቃል፣ ያቃናል። ከሚዛን ተፈሪና ከቴፒ ተነሥቶ አዲስ አበባ ለመድረስ ገንዘብና ጊዜ የሌለው ወጣት ግን ብዙ ነው። ለእርሱ ጉባኤው እኛው ነን። የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ሠራተኞች፣ የየትምህርት ቤቱ አስተማሪዎች፣ በየጽሕፈት ቤቱ የምንውል ሰዎች ሁሉ እያንዳንዳችን ከሥዕሉ ውስጥ ሌላው የማያየውን አንድ ነገር ማየት እንችላለን። ከብት ዐዋቂው ሻኛውን ያያል፤ ቡና ዐዋቂው ነጥቡን ያያል፤ ሽማግሌው የፈረሰውን ቤት ስፍራ ያያል። እነዚህ ሁሉ ባንድ ሥዕል ሥር ቢጻፉ ፎቶግራፉ ያገሩ መዝገብ ይሆናል።

እንግዲህ የቤተ ሰብ አለቆች የሆናችሁ አባቶችና እናቶች፣ ልጃችሁ ሥዕል ባሳያችሁ ጊዜ «ጎበዝ» ብላችሁ ፊታችሁን ወደ ሌላ አትመልሱ። ስልኩን ተቀበሉት፤ አስፍታችሁ እዩት፤ «ይህን ለምን ወደድኸው?» በሉት። እርሱ ሲመልስ ሥዕሉን ብቻ ሳይሆን ልቡንም ታዩታላችሁ። በሥልጣን ላይ ያላችሁም፣ ከሥዕላችሁ ሥር የተደረደረውን ቍጥር እንደ ሕዝብ ፍቅር አትቍጠሩት፤ ከመካከሉ በአክብሮት አንድ እውነት የጻፈላችሁን ሰው ፈልጉት፤ ባገኛችሁትም ጊዜ አትቈጡት። በውጭ አገር ያላችሁ ዘመዶቻችንም፣ ከሸኮ ጫካ ሥር የተላከላችሁ ሥዕል ብዙ ደክሞ፣ መስመሩ እስኪመጣ ተጠብቆ የተላከ መሆኑን አስቡ፤ ላኪው ልጅ የሚጠብቀው የእናንተን ቃል ነውና አንድ መሥመር ጻፉለት።